ተረቱ የት ላይ ይቁም?

የተከበራችሁ የየካ አባዶ ነዋሪዎች፣ ከኮዬ ፈጬና ከለገጣፎ ድረስ ታክሲ ተጋፍታችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

በቋንቋችን «ተረት ነው» ማለት «ውሸት ነው» ማለት ሆኗል። «መንፈሳዊ» ሲባል ደግሞ ዕጣን ይሸተናል። ስለዚህ አምላክን መነሻው ላላደረገ ተመስጦም ተረት ያስፈልገዋል ስንል ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይቆጣል። ሁለቱም ተረት የሚጠቅመው ሲታመን ብቻ ይመስላቸዋል። አያቶቻችን ጅብ እንደማይናገር አሳምረው ያውቁ ነበር፤ እኛም ከኮንዶሚኒየሙ አጥር ወዲያ ሌሊት ሲጮህ እንሰማዋለን። እነሱ ግን አናገሩት። መግቢያ በር አበጁለት፦ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ይመለሳል። መውጫም አበጁለት፦ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ»። በሁለቱ በሮች መካከል «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቡድሂዝም ፈጣሪ አምላክን ማዕከል ያላደረገ መንገድ ነው፤ ሆኖም ጥንታዊ በሆነው በፓሊ ቋንቋ የተሰበሰቡ፣ ጃታካ የሚባሉ 547 የቡድሃ ቀደምት ሕይወቶች ተረቶች አሉት። ከጃታካ ውጭም ሌላ ታሪክ አለ፦ ልጇ የሞተባት ኪሳ ጎታሚ የምትባል ሴት መድኃኒት ስትለምን፣ ቡድሃ ሞት ካልገባበት ቤት ሰናፍጭ እንድታመጣ ላካት። ቤት ለቤት ዞረች፤ ሰናፍጩ አለ፣ ሞት ያልገባበት ቤት ግን ጠፋ። «ሰው ሁሉ ሟች ነው» የሚለውን እሷም ቀድሞ ታውቀዋለች። የለወጣት ደጅ ለደጅ መዞሩ ነው፤ ሰሚውም አብሯት ይዞራል።

ተረትን ለተመስጦ የመንገሩ አሠራር ይኸው። ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል፤ ከ15 ካለፈ ከኋላ ሹክሹክታ ይጀመራል። ለአንድ ምሽት አንድ ተረት ብቻ። ተራኪው ቃል በቃል አያጥናው፤ 6 ወይም 7 ምስል ይያዝ። ከስልክ ማንበብማ አይሆንም፤ ዓይኑ ከሰው ላይ ይነሳል።

የአንበሳውን ጠጉር እንውሰድ። የእንጀራ ልጇ ያልወደዳት ሴት፣ ምክር ፍለጋ ወደ አንድ ሽማግሌ ትሄዳለች፤ «ከሕያው አንበሳ ጢም ጠጉር አምጪ» ይላታል። ምስሎቹ፦ ፊቱን ያዞረው ልጅ፣ የሽማግሌው ደጃፍ፣ ከሩቅ የተወረወረው ሥጋ፣ በየቀኑ የሚጠጋው እግር፣ የአንበሳው ትንፋሽ፣ የተነቀለው ጠጉር። በልማድ ሽማግሌው መጨረሻ ላይ «አንበሳውን እንዳላመድሽ ልጁን አላምጂ» ብሎ ይፈታዋል። ለልጆች መልካም ነው። ለተመስጦ ግን ጠጉሩ የሽማግሌው መዳፍ ላይ ሲያርፍ አቁሙ። ፍቺውን ከነገራችሁት ሰሚው ራሱን ነቅንቆ «ልክ ነው» ይልና ይረሳዋል፤ ካልነገራችሁት የራሱን አንበሳ ይዞ ይቀመጣል።

ትረካው 12 ደቂቃ፣ ከዚያ 3 ደቂቃ ዝምታ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አንዱ ጉሮሮውን መጥረጉ አይቀርም፤ ታገሡት። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ፦ «የት ቦታ ላይ ቀራችሁ?» «ምን ያስተምረናል?» የክፍል ጥያቄ ነው፣ የክፍል መልስ ያመጣል። አንዷ ሥጋው ጋ፣ ሌላው ገና ደጃፉ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ማንም የሌላውን ቦታ አይተርጉም።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ገና ሲመረጥ ነው። የዘንዶው ንጉሥ የአርዌና በተመረዘ ፍየል የገደለው የአንጋቦ አፈ ታሪክ ለፍርሃት ስለሚከፈል ግብር ብዙ ያሳያል፤ ግን ልጃገረድ ለዘንዶ የምትገበርበት ስለሆነ ሕፃናት ባሉበት አይነገርም። ሰናፍጩንም ትኩስ ሐዘን ላይ ላለ ሰው አትንገሩት፤ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው እንጂ ምሳሌ አይፈልግም። ጎረቤት በእምነቱ የያዘውን ታሪክም «ያው ተረት ነው» ብላችሁ አታምጡ፤ ከክብሩ ሌላ፣ ክፍሉ ወዲያው የሃይማኖት ክርክር ይሆናል።

በሩን ሳይዘጉ መበተንም አለ። ያኔ ሰው ተረቱን እንደ ምልክት ይዞት ይሄድና «አንበሳ በሕልሜ መጣ፣ ሥራዬን ልልቀቅ» ይላል። ለዚህ ነው መውጫው ጮክ ተብሎ የሚነገረው፣ ዳቦውም የሚቆረሰው። የ1 ኪሎ ዱቄት ድፎ ለ12 ሰው ይደርሳል። ሲያኝኩ ወሬው ወደ ውሃ ፈረቃና ወደ ቤት ኪራይ ይመለሳል፤ ይመለስ።

ሲመሽ ታክሲ ስለሚያስቸግር አሁኑኑ እንጀምር። ድፎው ኮባው ላይ ነው። ስልካችሁን አጥፉ፤ በሩ አጠገብ ያላችሁ መብራቱን አጥፉልን፣ ሻማው ይበቃል።

ተረት ተረት።