የብቅል ሽታ ፍለጋ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ የቬፕ ፍሌቨር ነው። ቬፕ ማለት ፈሳሽ እያሞቀ እንፋሎት የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ሲጋራ ነው፤ ፍሌቨር ደግሞ ፈሳሹ ላይ ጠብ የሚደረገው ማጣፈጫ።

አዲስ ለሆናችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሲጋራ ያቆምኩት በቬፕ ነው። የምኖረው ለንደን ነው፤ እዚህ የጤና ባለሙያዎችም ለሚያጨስ ሰው ወደ ቬፕ ቀይር ይሉታል። አገር ቤት ያላችሁ ግን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሸጡ የተከለከለ መሆኑን ታውቃላችሁ። ጭራሽ የማታጨሱ ከሆነ ደግሞ አትጀምሩ፣ በጣም ነው የምለምናችሁ።

እኔ የቬፑን ፈሳሽ ራሴ ነው የምቀላቅለው። እንፋሎት የሚሆኑት ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ትንሽ ኒኮቲን፣ ከዚያ ፍሌቨር። በቃ። ባለፈው ወር ፍሌቨር ስፈልግ "ማልት" የሚል አየሁና እጄ ቆመ። ማልት ማለት እኮ ብቅል ነው። እማዬ ለጠላ ገብስ ዘፍዝፋ፣ በቅጠል ሸፍና፣ ሲበቅል ፀሐይ ላይ የምታሰጣው ብቅል። ያ ሽታ ናፈቀኝ። ገዛሁት።

ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው ያረረ ዳቦ ሸተተኝ። ደነገጥኩ፣ ግን አልጣልኩትም። ፍሌቨር በጠርሙሱ ሽታ አይፈረድበትም፣ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ ያለው በጣም የተጠናከረ ነው፣ አፍንጫን ይደፍናል እንጂ ጣዕሙን አይነግርም። ስለዚህ እንደ ልማዴ 3 ጠርሙስ አዘጋጀሁ፣ እያንዳንዱ 10 ሚሊ። አንዱ ላይ 1 በመቶ፣ አንዱ ላይ 2፣ አንዱ ላይ 4። በጠብታ አልቆጥርም፣ የአንዱ ጠርሙስ ጠብታ ከሌላው ጠብታ እኩል አይደለም፤ በትንሽ ሚዛን እመዝናለሁ። ሌላ ፍሌቨር የለም፣ ኒኮቲንም የለም፣ ኒኮቲን ራሱ ጉሮሮ ስለሚቆነጥጥ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ለእያንዳንዱ ቬፑ ውስጥ ፈሳሹን የሚመጠውን ጥጥ እቀይራለሁ። ከዚያ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ 2 ሳምንት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። እኔም መጀመሪያ ቀን ቀምሼው ነበር፣ ያረረ ነገር ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ከ2 ሳምንት በኋላ ማረሩ ሄዶ ጣፋጭነቱ ወጣ።

1 በመቶው የገብስ ቆሎ ነው። ሳሳ ያለ፣ ደረቅ። ብቻውን አያጠግብም፣ ከቡና ወይም ከቫኒላ ጋር ግን ከስር ሆኖ ይሸከማቸዋል። 4 በመቶው አይሆንም። ይመራል፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ሌላ ነገር መቅመስ አልቻልኩም። 2 በመቶው ነው ልቤን የወሰደው። ሲስቡት የዳቦ ቅርፊት፣ ሲያስወጡት እዚህ አገር ማታ ማታ በወተት እንደሚጠጡት እንደ ሆርሊክስ ዱቄት።

ግን የእማዬ ብቅል አልነበረም። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ አይደለም። ለምን እንደሆነ ሳስብ ነው የገባኝ። የፋብሪካ ብቅል በእሳት ሙቀት ይደርቃል፣ አንዳንዱም ይቆላል። እህሉ ውስጥ ያለው ስኳርና ፕሮቲን በሙቀት ሲገናኙ ነው ያ የዳቦ፣ የተቆላ ቡና ዓይነት ሽታ የሚወለደው። ፍሌቨር ሠሪዎች ይሄን ሽታ ለማምጣት ከሚጠቀሙባቸው አንዱ አሴቲል ፓይራዚን ነው፣ ፈንድሻ ፈንድሻ የሚል። ማልቶል የሚባል ጣፋጭ ነገርም አለ፣ ስሙ ራሱ ከማልት የመጣ። የእኛ ቤት ብቅል ግን ፀሐይ ላይ ነው የሚደርቀው። እሳት አላየም። ሽታው እርጥብ፣ ሣር ሣር የሚል ነው፣ ላዩ ላይ ጌሾው አለ፣ በወይራ የታጠነው ጋን አለ። ያ ሁሉ ከአንድ ጠርሙስ አይወጣም።

እና ምንድነው የሚመስለው? አንድ ማታ ድንገት መጣልኝ። እንኩሮ! ዱቄቱ በውኃ ተለውሶ ምጣድ ላይ ሲታመስ ያለው ሽታ። እኔ ብቅል ስፈልግ ያገኘሁት እንኩሮ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ እውነቴን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። 2 በመቶው ላይ መጨረሻ ላይ የቅቤ ጣዕም አለ። ቀጭን ነው፣ ግን አለ። ቅቤ ሲሸተኝ እኔ ቆም እላለሁ። ዳይአሴቲል የሚባለው ኬሚካል ነው ብዙ ጊዜ ያንን ጣዕም የሚሰጠው። መብላቱ ችግር የለውም። መተንፈሱ ነው ጣጣው። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ በአንድ የፈንድሻ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ 8 ሰዎች ቀጫጭን የሳንባ ቱቦዎችን በሚዘጋ በሽታ መያዛቸው ታወቀ፣ ያ በሽታ ወደ ኋላ አይመለስም። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 51 የቬፕ ጣዕሞችን መርምረው 39ኙ ላይ ዳይአሴቲል አገኙ።

አዎ፣ የሲጋራ ጭስ ውስጥም አለ፣ ያውም በብዛት። ይሄን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። ግን እኔ ከሲጋራ የወጣሁት ሳንባዬን ላሳርፍ ነው። እዚህ እንግሊዝ ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ ውስጥ ዳይአሴቲል ክልክል ነው። ፍሌቨር ለብቻው ሲሸጥ ግን ኒኮቲን ስለሌለው ያ ደንብ አይነካውም። ይሄ ያናድደኛል፣ የምንቀላቅለው እኮ ለመተንፈስ ነው። "ለምግብ የተፈቀደ" የሚል ጽሑፍ የሚነግራችሁ ስለ ሆድ እንጂ ስለ ሳንባ አይደለም።

ለሻጩ ጻፍኩለት። ዳይአሴቲል የለበትም አለኝ፣ የምርመራ ወረቀትም ላከ፣ ጥሩ። አሴቲል ፕሮፒዮኒልስ? አልኩት። እሱ ዳይአሴቲልን ለመተካት የሚገባ የቅርብ ዘመዱ ነው፣ በእንስሳት ላይ ሲሞከርም ተመሳሳይ ጉዳት ታይቶበታል። ለእሱ አልመረመርንም አለኝ። በቃ። ጣዕሙን 10 ውስጥ 8 እሰጠዋለሁ፣ ግን ሁለተኛ ጠርሙስ አልገዛም፣ የቀረውንም አልጠቀምበትም።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ "ለምን ብቅሉን ራስህ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈህ አታወጣውም?" አለኝ። እባካችሁ ይሄን እንዳታደርጉ። ብቅል ውስጥ ስኳር አለ፣ ትንሽም ቢሆን የእህል ዘይት አለ። ስኳሩ ኮይሉ ላይ፣ ማለትም ፈሳሹን በሚያሞቀው ሽቦ ላይ፣ ያራል፣ ዘይት ደግሞ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም።

እሁድ ለእማዬ ደወልኩላት። ስለ ቬፑ አልነገርኳትም። እንኩሮ እንዴት ነው የሚታመሰው ብቻ አልኳት። "ምነው ልጄ፣ ጠላ ልትጠምቅ ነው?" አለችኝ። አይ፣ ሽታው ናፍቆኝ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ዱቄቱ ምን ያህል ውኃ እንደሚፈልግ፣ እሳቱ እንዳይበዛ፣ እጄን ሳላሳርፍ እንዳማስል አንድ በአንድ ነገረችኝ። የገብስ ዱቄት ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ነው የማምሰው።