ድምፄ የት ገባ? ስለ እስራኤል ክነሴት ምርጫ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ዝግጅት ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ያነሣነው ኖቬምበር 1 ቀን 2022 (ጥቅምት 22 ቀን 2015 ዓ.ም.) የተደረገውን የ25ኛውን ክነሴት (120 መቀመጫ ያለው የእስራኤል ፓርላማ) ምርጫ ነው። ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አምስተኛው ምርጫ ነበር። ሕዝቡ «አሁንስ በቃኝ» ብሎ ቤቱ ይቀራል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። አልቀረም። መምረጥ ከሚችሉት 6,788,804 ሰዎች 4,794,593ቱ ወጥተው መረጡ። ይህም 70.6 በመቶ ነው። በ2021 67.4 በመቶ ነበር። በቀጥታ ወደ ጥያቄዎቹ እንግባ።

ከረሖቮት የደወሉ አድማጭ፦ «እኔ የመረጥኩት ግራ ዘመሙን ፓርቲ ሜሬትስን ነው። በኋላ "አላለፉም" ተባለ። ታዲያ የእኔ ድምፅ የት ገባ? ለሌላ ፓርቲ ተሰጠ?»

ለማንም አልተሰጠም። መቀመጫ ሲከፋፈል ከሂሳቡ ወጣ፣ አለቀ። ሕጉ ጨካኝ ነው። በትክክል ከተሰጠው ድምፅ ውስጥ 3.25 በመቶ ያላገኘ ዝርዝር (ፓርቲ ለምርጫ ያቀረባቸው እጩዎች ዝርዝር) አንድም መቀመጫ አይደርሰውም። እዚህ አሑዝ ሐሲማ የሚባለው ይህ ነው። በ2022 ትክክለኛ ሆኖ የተቆጠረው ድምፅ 4,764,742 ነበር። የዚህ 3.25 በመቶ 154,850 ገደማ ይሆናል። ሜሬትስ ያገኘው 150,793 ነው። የጎደለው አራት ሺህ ገደማ ድምፅ ብቻ ነበር። አራት ሺህ ማለት እኮ የአንድ ሰፈር ሰው ነው! ያን ቢያገኝ ኖሮ አራት መቀመጫ ይዞ ይገባ ነበር። አንድ ወይም ሁለት መቀመጫ ይዞ መግባት የሚባል ነገር ድሮ ቀርቷል።

የአረብ ፓርቲው ባላድም እንዲሁ 138,617 ድምፅ ይዞ ውጭ ቀረ። የሁለቱ ሲደመር 289,410 ነው። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኔታንያሁን የደገፉት አራቱ ዝርዝሮች፣ ማለትም ሊኩድ፣ ሃይማኖታዊ ጽዮናዊነት፣ ሻስና ያሐዱት ሃቶራ፣ በድምሩ 2,304,964 ድምፅ አገኙ። ተቃዋሚዎቻቸው፣ ሜሬትስና ባላድን ጨምሮ፣ 2,331,788 አገኙ። በድምፅ ተቃዋሚዎቹ በጥቂቱ በለጡ። በመቀመጫ ግን 64 ለ56 ተሸነፉ።

ይህን ስል «ተሰረቀ ማለት ነው» የሚል አይጠፋም። አልተሰረቀም። ከቀኙም ወገን ሃባይት ሃየሁዲ 56,775 ድምፅ ይዞ ወድቋል። እሱን ወደ ቀኙ ቢደምሩት የድምፅ ብልጫው ይገለበጣል። ሕጉን ሁሉም ቀድሞ ያውቀዋል። 3.25 በመቶው የጸደቀው በ2014 ነው። ከዚያ በፊት 2 በመቶ ነበር።

እኔ እንደሚመስለኝ ምርጫው ያለቀው ኖቬምበር 1 ሳይሆን ሴፕቴምበር 15 ነው። ዝርዝር ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ያ ነበር። ኔታንያሁ የቀኝ ክንፍ ፓርቲ መሪዎቹ ስሞትሪችና ቤን ግቪር ተለያይተው እንዳይወዳደሩ ወጥረው ያዙ። ተስማሙ፣ በሃይማኖታዊ ጽዮናዊነት ዝርዝር አንድ ላይ ገቡ፣ 14 መቀመጫ አገኙ። በወዲያኛው ወገን የሠራተኛ ፓርቲዋ ሜራቭ ሚካኤሊ ከሜሬትስ ጋር መጣመር አልፈልግም አሉ። የሆነውን አይተናል፤ ሜሬትስ ወደቀ፣ የሠራተኛ ፓርቲም በአራት መቀመጫ ተንጠልጥሎ ቀረ። አገሪቱን የመሠረተ ፓርቲ አራት መቀመጫ!

ከቂርያት ማላኺ፦ «ብዙ ሰው መውጣቱ ማንን ጠቀመ? ሁልጊዜ "ውጡ፣ ምረጡ" ትሉናላችሁ።»

ብዙ ሰው መውጣቱ ብቻውን ማንንም አይጠቅምም። ማን ወጣ? ድምፁስ ወዴት ሄደ? ጥያቄው እዚያ ላይ ነው።

የአረብ ዜጎችን ድምፅ እንይ። በ2021 ከአረብ መራጮች መካከል የወጣው ከግማሽ በታች ነበር። በ2022 ከግማሽ አለፈ። ጥሩ ጭማሪ ነው። መቀመጫቸውስ? በ2021 አሥር፣ በ2022ም አሥር። ንቅንቅ አላለም። ለምን ቢሉ በ2022 በሦስት ዝርዝር ተከፋፍለው ስለቀረቡ ነው፤ ራዓም አምስት፣ ሐዳሽ-ታዓል አምስት፣ ባላድ ዜሮ። ባላድ ከሐዳሽ-ታዓል የተለየው በዚያችው በሴፕቴምበር 15 ዕለት ነው። በ2020 ሁሉም በአንድ ዝርዝር ሆነው ሲገቡ 15 መቀመጫ ነበራቸው። ስለዚህ ውጡ ማለታችን አይቀርም፤ የመሪዎቹን እልህ ግን መራጩ በጉልበቱ ሊሸፍነው አይችልም።

ከአዲስ አበባ፦ «እኛ ዘንድ በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ከ90 በመቶ በላይ ሕዝብ መርጧል ተብሎ ነበር። እናንተ በ70 በመቶ ትኮራላችሁ። እንዴት ነው ነገሩ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን አይቆሙም። አገር ቤት 100 ተብሎ የሚያዘው ራሱ ሄዶ የተመዘገበው ሰው ነው። በ2007 ዓ.ም. ወደ 36.8 ሚሊዮን ሰው ተመዘገበ፤ ከዚያ ውስጥ ነው ከ90 በመቶ በላይ ወጣ የተባለው። ምርጫ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ካርድ ያወጣ ሰው መጀመሪያውኑ ለመምረጥ ያሰበ ነው። ካርድ ያላወጣው፣ የሰለቸው፣ ያኮረፈው በሂሳቡ ውስጥ የለም።

እዚህ ማንም ለመመዝገብ አይሰለፍም። ዜጋ ሆኖ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ከሕዝብ መዝገብ ላይ በቀጥታ ይገባል። ፖለቲካ አልሰማም ያለውም አለበት። ሻንጣውን ይዞ ውጭ አገር ከገባ አሥር ዓመት የሞላውም አለበት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። እነሱ ቢቀነሱ 70ው ከፍ ይል ነበር።

ሌላም ልዩነት አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ጠቅልሎ ይወስዳል። ግማሽ መሙላት እንኳ አይጠበቅበትም። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት የአዲስ አበባን 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰደ። ያ ማለት አዲስ አበባ ላይ ኢሕአዴግን የመረጠ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ። ያም ቢሆን ተቃዋሚን የመረጠ አንድም ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። በእስራኤል አገሪቱ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ናት፤ መቀመጫው በድምፁ ልክ ይከፋፈላል። ስለዚህ 23.4 በመቶ ያገኘው ሊኩድ 32 መቀመጫ ያዘ፣ 17.8 በመቶ ያገኘው የሽ አቲድ 24።

ከነታንያ፦ «እናቴ ዕብራይስጥ አያነቡም። ባለፈው ጊዜ ተደናግጠው ወጡ። ብቻቸውን እንዴት ይመርጣሉ?»

ይህ ጥያቄ በየምርጫው ይመጣል፣ መምጣቱም ተገቢ ነው። እናትዎ ክፍሉ ውስጥ የሚያጋጥማቸውን ልንገርዎ፣ እቤት ያለማምዷቸው።

ሲገቡ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ቴዑዳት ዜሁታቸውን (መታወቂያቸውን) ይሰጣሉ፤ ስማቸው ከዝርዝሩ ላይ ይፈለጋል፤ ፖስታ ይሰጣቸዋል። ከዚያ ከካርቶን መጋረጃው ጀርባ ይሄዳሉ። እዚያ በየክፍሉ ወረቀት የተደረደረበት ትሪ አለ። ሰው የሚደናገጠው እዚህ ጋ ነው። በ2022 ወደ 40 የሚጠጋ ዝርዝር ነበር። ግን ማንበብ አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ በትልቁ የተጻፈ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል አለ። ያንን በመልኩ ማወቅ ይበቃል። በዚያ ምርጫ የሊኩድ «ማሐል» ነበር፤ የሠራተኛ ፓርቲ «ኤሜት»፤ የሃይማኖታዊ ጽዮናዊነት «ጤት» የምትባል አንዲት ፊደል። የሚመርጡትን ፊደል በትልቁ ይጻፉላቸውና ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉላቸው።

አንድ ወረቀት አንሥተው ፖስታው ውስጥ ይከታሉ፣ ወጥተው በገዛ እጃቸው ሳጥኑ ውስጥ ይጨምራሉ። የሁለት ፓርቲ ወረቀት አንድ ላይ ከገባ ድምፁ ይበላሻል። ባዶ ፖስታም እንዲሁ። «ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ» ብለው ሁለቱንም የከተቱ አዛውንት አውቃለሁ፤ ፍቅር ነው፣ ግን አይቆጠርም። በ2022 29,851 ድምፅ ተበላሽቷል።

የፈለጉት ወረቀት ትሪው ላይ ካለቀ ዝም ብለው ሌላ እንዳያነሡ። ወጥተው ለኮሚቴው «የለም» ይበሉ፣ ያመጡላቸዋል። እናትዎ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ራሳቸው ማድረግ የማይችሉ ከሆነ አጃቢ ይዘው እንዲገቡ ሕጉ ይፈቅዳል። ጣቢያው ብዙውን ጊዜ ከጧቱ 7፡00 እስከ ምሽቱ 10፡00 ክፍት ነው፤ በአገር ቤት አቆጣጠር ከጧቱ አንድ እስከ ማታ አራት። ጧት ይውሰዷቸው፣ ማታ ሰልፍ ይበዛል።

ከአትላንታ፦ «ፓስፖርቴ እስራኤላዊ ነው። ከዚህ ሆኜ መምረጥ እችላለሁ?»

አይችሉም። ከውጭ አገር የሚመርጡት ዲፕሎማቶችና በመንግሥት ሥራ የተላኩ ሰዎች ናቸው። መብትዎ አለ፣ ግን አውሮፕላን ተሳፍረው መምጣት አለብዎት።

ከቤርሼባ፣ ወታደር ነው፦ «እኛ ቀድመን መርጠን ለምን የእኛ መጨረሻ ይቆጠራል?»

ወታደር፣ ሆስፒታል የተኛና እስረኛ የሚመርጡት በድርብ ፖስታ ነው። ውጭኛው ፖስታ ላይ የመራጩ ማንነት ይጻፋል። በሰፈሩ ጣቢያ ደግሞ እንዳልመረጠ ይጣራል፣ ከዚያ ውስጠኛው ተለይቶ ከሌሎች ጋር ይቀላቀላል። ጊዜ ይወስዳል። በ2022 ምርጫው ማክሰኞ ነበር፣ የሜሬትስ ቁርጥ የታወቀው ሐሙስ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የእናንተን ፖስታ ነበር የጠበቁት።

ከአሽቀሎን፦ «32 መቀመጫ ይዞ እንዴት ጠቅላይ ሚኒስትር ይኮናል? ከ120ው እኮ ሩቡ ነው።»

የሚያስፈልገው 61 ነው፣ የግድ የራስ ፓርቲ መሆን የለበትም። አንድ ፓርቲ ብቻውን 61 ደርሶ አያውቅም። ከፍተኛው በ1969 የሠራተኛው ጥምረት ያገኘው 56 ነው። ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎቹን አነጋግሮ አንዱን «አንተ ሞክር» ይለዋል። 28 ቀን ይሰጠዋል፣ ካስፈለገ 14 ይጨመርለታል። ኔታንያሁ ኖቬምበር 13 ተቀብለው ዲሴምበር 21 ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ «ተሳክቶልኛል» አሉ። መንግሥቱ ዲሴምበር 29 ቃለ መሐላ ፈጸመ። ያንን ሁሉ ጊዜ የወሰደው ማን የትኛውን ሚኒስቴር ይያዝ የሚለው ክርክር ነው። ትንንሾቹ ፓርቲዎች የሚፈሩት ለዚህ ነው። ሰባት መቀመጫ ያለው ሰው «እወጣለሁ» ሲል መንግሥት ይንቀጠቀጣል።

ከሐዴራ፦ «እኛ ቤተ እስራኤላውያን ለምን የራሳችን ፓርቲ አይኖረንም? አንድ ብንሆን እኮ...»

እንደው ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ማኅበረሰባችን ከ160,000 በላይ ነው። በ2022 ለማለፍ ወደ 154,850 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በእኛ ቁጥር ውስጥ ግን ሕፃናቱም፣ የትምህርት ቤት ልጆቹም አሉ። አንድ ሰው ሳይቀር ወጥቶ አንድ ወረቀት ቢከት እንኳ አይሞላም። ሁላችንም አንድ ዓይነት ሐሳብ እንደሌለን ደግሞ እርስዎም ያውቃሉ። በአንድ ገበታ ሊኩድም፣ ሻስም፣ የሽ አቲድም ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ።

ተሞክሯል። በ2006 «አቲድ ኤሐድ» የሚባል በአብርሃም ንጉሤ የሚመራ ዝርዝር ቀርቦ ነበር። የዚያን ጊዜ ማለፊያው 2 በመቶ ነበር፤ እሱ አንድም አልሞላም። አብርሃም ንጉሤ በ2015 ክነሴት የገቡት በሊኩድ ዝርዝር ነው። ኋላም በአዲስ አበባ የእስራኤል አምባሳደር ሆኑ። ከእሳቸው በፊትም በ1996 አዲሱ መሰለ የገቡት በሠራተኛ ፓርቲ ነው። ፕኒና ታመኖ-ሻታ በ2013 በየሽ አቲድ ገቡ፣ በ2020 ከኢትዮጵያ ተወላጆች የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሆኑ። በ2022 ደግሞ እሳቸው በፖለቲከኛው በቤኒ ጋንትስ ዝርዝር፣ ሞሼ ሰለሞን በሃይማኖታዊ ጽዮናዊነት ዝርዝር ተመረጡ፤ አንዱ መንግሥት ውስጥ፣ አንዷ ተቃዋሚ ውስጥ። ይህ ለእኔ አይከፋኝም። በሁለቱም በር የሚያንኳኳ ሰው አለን።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ የመጨረሻ ጥያቄ ከሎድ፦ «ፓርቲዬን እወደዋለሁ፣ ሦስተኛ ላይ ያስቀመጡትን ሰውዬ ግን አልፈልግም። ልሰርዘው?»

አይችሉም። ስሞቹ ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የሉም፣ ያለው ፊደሉና የፓርቲው ስም ነው። ወረቀቱ ላይ ሲሞነጫጭሩ ድምፅዎን ያበላሻሉ። ሰውዬውን ማውረድ የሚቻለው ዝርዝሩ ከመቅረቡ በፊት ነው። ሊኩድና የሠራተኛ ፓርቲ በ2022 ኦገስት ላይ በአባላት ምርጫ ነው ዝርዝራቸውን ያወጡት። በዚያ ለመሳተፍ ቀድሞ አባል መሆን ይጠይቃል። በሻስ ግን ዝርዝሩን የሚያወጡት አመራሩና ራቢዎቹ ናቸው። የእርስዎ ፓርቲ የትኛው እንደሆነ አልነገሩንም፤ እንዲነግሩንም አንጠይቅም።