የሰለቸው ማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰው የሚወደውን የንግድ ምልክት መልክ ስለማደስ ለብቻዬ ጥቂት ላስብ።

አንድ ድርጅት ዓርማውን ሊቀይር ተነሣ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ “የሰለቸው ማን ነው?” የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሰለቸው ባለቤቱ ነው። በደብዳቤው አናት፣ በቢሮው ግድግዳ፣ በመኪናው በር ላይ ሲያየው ይውላል፤ ቢታክተው አይፈረድበትም። ደንበኛው ግን ዓርማውን የሚያየው ለአፍታ፣ ዕቃውን ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ነው። ከየት ይሰለቸዋል?

የትሮፒካና የብርቱካን ጭማቂ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 መጀመሪያ ላይ፣ በጊዜው ባለቤቱ የነበረው ፔፕሲኮ መምጠጫ (ስትሮ) የተሰካበትን ብርቱካን ከካርቶኑ ላይ አንሥቶ በብርጭቆ ጭማቂ ተካው። በአግድም ይጻፍ የነበረው ስምም በቁመት ተጻፈ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሽያጩ 20 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ኩባንያው በየካቲት ወር ወደ ቀድሞው ማሸጊያ እንደሚመለስ አስታወቀ። ደንበኞች አዲሱን ካርቶን ስም ከሌለው ርካሽ ምርት ጋር አመሳስለውት ነበር። እኔ በበኩሌ የግማሽ ብርቱካን ቅርጽ የነበረውን አዲስ ክዳን ወድጄው ነበር፤ ክዳን ብቻውን ግን ካርቶን አያድንም። ሰዎቹ ያጡት ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ነው።

የክፍያ ካርድ ኩባንያው የማስተርካርድ አካሄድ ይበልጥ ይማርከኛል። የተጠላለፉት ቀይና ቢጫ ክቦች ከ1960ዎቹ ጀምሮ አብረውት አሉ። በ2016 ስሙ ከክቦቹ ላይ ወርዶ ከሥራቸው ተጻፈ። በ2019 ደግሞ ስሙ ጨርሶ ከምልክቱ ተነሣ። ሰው ክቦቹን ያለ ስም ለመለየት ዓይኑን ያለማመደበት የሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ጊዜ ነበረው። ትዕግሥት ይሏል ይህ ነው።

ቅሬታ ስለመጣ ብቻ መደንገጥም ተገቢ አይመስለኝም። የቡና መሸጫ ኩባንያው ስታርባክስ በ2011 ስሙን ከዓርማው ሲያወጣ ብዙ ሰው አጉረምርሟል። አረንጓዴው ቀለምና ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነችው ባለ ዘውዷ ሴት ግን ቀሩ። ያጉረመረመውም ሰው ቢሆን ኩባያውን ከሩቅ ይለየው ነበር፤ ለውጡም ጸና። ማጉረምረም ከፍቅርም ይመጣል፤ ዕቃውን ፈልጎ ማጣት ግን ገበያ ያስቀራል።

ስለዚህ ዓርማ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ዲዛይነር ከመቅጠራችሁ በፊት ለደንበኞቻችሁ ወረቀትና እርሳስ ስጧቸው። ምልክታችሁን ሳያዩ፣ ከትዝታቸው ይሣሉት። ሁሉም የሣሉትን አትንኩ፤ ማንም ያላስታወሰውን እንደ ልባችሁ ቀይሩ። አዲሱ ንድፍ ሲደርስም “ወደዳችሁት?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለዚህ ጥያቄ ሰው ከይሉኝታ መልስ ይሰጣል። ከሌሎች ዕቃዎች መሀል ደርድሩትና እስኪያገኙት ድረስ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ቁጠሩ።