የደበዘዙት ጣቶች

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ!

ስክሪኑ ላይ አግዝፈን ያሳየናችሁ ፎቶ ይኸው እጄ ላይ ነው። መዳፌን እንኳ አይሞላም። ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ወደ 9 ይረዝማል። ስስ ቡናማ ወረቀት ነው፣ ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ። ሴትየዋ ተቀምጣለች። ሰውየው ከጎኗ ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጓል። ስማቸው የትም አልተጻፈም።

ፎቶውን ያየ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ምነው ተኮሳተሩ? ተጣልተው ነው እንዴ?» እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ኋላ አጉሊ መነጽር አነሳሁ።

መጀመሪያ የሰውየውን ጫማ አየሁ። ከተረከዙ ጀርባ ሌላ እግር አለ። የብረት እግር! ፎቶ አንሺው ከኋላው ያቆመው መደገፊያ ነው። ጭንቅላቱ እንዳይወዛወዝ ከላይ ማጅራቱን ደግፎ ይይዘዋል። እንደ ዛሬው ጠቅ አድርጎ መገላገል የለማ! እ.ኤ.አ. በ1839 ዳጌር የሚባል ፈረንሳዊ የፈለሰፈው የፎቶ ዘዴ ይፋ ሲሆን አንድ ምስል ለማንሳት ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። በእነዚህ ሰዎች ጊዜ ወደ ሰከንዶች ወርዷል። ቢሆንም እነዚያን ሰከንዶች ሳይነቃነቁ መጨረስ ያስፈልጋል።

እውነቱን ለመናገር ግን ኩስትርናውን ሁሉ በካሜራው ማሳበብ አልወድም። ለጥቂት ሰከንድ ፈገግ ማለት ያቅታል? አያቅትም። የፎቶ ወግ የተቀዳው ከሥዕል ነው። ለሥዕል የተቀመጠ ጨዋ ሰው ደግሞ ጥርሱን አያሳይም ነበር።

ቀሚሷንም ቸኩላችሁ «ጥቁር» አትበሉት። የዚያን ዘመን የመስታወት ኔጋቲቭ ሰማያዊ ብርሃንን እንጂ ቀይን አያይም ማለት ይቻላል። ቀይ ጨርቅ ጠቁሮ ይወጣል፣ ሰማያዊው ይነጣል። ሐዘን ላይ ነች ያልናት ሴት ደማቅ ቀይ ለብሳ ይሆናል፣ ማን ያውቃል?

ቡናማ መልኩም ያረጀ ስለሆነ ብቻ የመጣ አይደለም። ወረቀቱ የእንቁላል ነጭ የተቀባ ነው። ብላንካር ኤቭራር የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1850 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። በላዩ ያለው የብር ጨው ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ጥቁረቱም ወደ ቡናማ ያደላል። ዕድሜ ያመጣው ቢጫውን ነው። የሰውየውን አንገትጌ እዩት፣ ነጭ መሆን ሲገባው ወይቧል። ጥላው ግን እንደ ጠቆረ አለ። ስልካችን ውስጥ ያለው የሴፒያ ፊልተር ሁሉንም እኩል ይለቀልቀዋል። ቶሎ የሚነቃበትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እጇ እንምጣ። ዛሬ ላሳያችሁ የፈለግሁት ይህንን ነው። ግራ እጇ ጭኗ ላይ አርፏል። ቀለበቷ ጥርት ብሎ ይታያል፣ የእጅጌዋ ስፌት ሳይቀር ይቆጠራል። ቀኝ እጇ ደረቷ ላይ ነው። እዚያ ሁለት ጣቶቿ ደብዝዘዋል። ፊቷን ጭጭ አሰኝታዋለች፣ ጣቶቿ ግን አላስቻላቸውም። ሌንሱ ተከፍቶ ሳለ ተንቀሳቅሰዋል። በመነጽር ስታዩት ብዥታው ወደ ላይ ይሳባል፣ ትከሻዋ ላይ ወዳለው እጅ።

በሉ፣ ፎቶውን አዞረዋለሁ። ጠርዝ ጠርዙን ያዙልኝ፣ ምስሉን በጣት አትንኩብኝ። መነጽሩም አብሮ ይዞራል።