ለምዘና የመጣውን ናሙና ማን ይሥራው? — የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣

እንኳን ወደ ድሬዳዋ በደህና መጣችሁ። ከሐረር ደንገጎን ወርዳችሁ፣ ከጅግጅጋና ከአዲስ አበባ ረጅም መንገድ ተጉዛችሁ በመካከላችን ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዘንድሮው ጉባኤያችን የሚመክረው በዘር በሚተላለፉ የደም በሽታዎች ምርመራ ጥራት ላይ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲክል ሴል ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳት የማጭድ ቅርጽ የሚይዙበት በሽታ። «ሲክል ሴል የእኛ አካባቢ ችግር አይደለም» ሲባል እሰማለሁ፤ አልስማማም። የበሽታው ዘረመል ወባ በኖረባቸው አገሮች የበዛው ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰውን ሰው ከከባድ ወባ ስለሚጠብቀው ነው። ድሬዳዋ ወባን ታውቃለች፤ ከባቡሩ ጋር የተወለደች፣ ከጅቡቲም ከየመንም የመጣ ሰው ቤት የሠራባት ከተማ ናት። ጠረጴዛችን ላይ የሚቀርበውን ደም በግምት መለየት አይቻልም።

ሲክል ሴልን በምንፈልግበት ቀላል ምርመራ ልጀምር። ጥቂት ደም ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያው ኬሚካል) ውስጥ ይጨመራል፣ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ይፈርሳሉ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ቱቦው ጥቁር መስመር ከተሰመረበት ወረቀት ፊት ይያዛል። መስመሩ ጥርት ብሎ ከታየ ኔጋቲቭ፣ ፈሳሹ ደፍርሶ መስመሩን ከሸፈነው ፖዘቲቭ ነው። ነገር ግን ደም ማነሱ በበረታበት ታካሚ መስመሩ በሽታው እያለም ሊታይ ይችላል። ከስድስት ወር በታች ባለ ሕፃን ደም ውስጥ ገና የፅንስ ሄሞግሎቢን (በማኅፀን ሳለ የነበረው፣ ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ፕሮቲን) ስለሚበዛ ኔጋቲቭ ውጤት አያስተማምንም። በቅርቡ ደም በተሰጠው ሰው ላይ የለጋሹንም ደም አብረን እየመረመርን ነው። ስብ የበዛበት ፕላዝማ ደግሞ ያለ በሽታው ያደፈርሳል። ስለዚህ ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መቆጣጠሪያ ናሙናዎች አብረው ሳይሠሩ የወጣ ውጤትን እኔ ውጤት አልለውም።

ከሁሉ የከፋው «ፖዘቲቭ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ጽፎ መላክ ነው። ይህ ምርመራ ተሸካሚውን፣ ማለትም ዘረመሉን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰውን፣ ከታማሚው አይለይም፤ የሚለየው የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን ነጣጥሎ የሚያሳይ ምርመራ፣ ኤሌክትሮፎሬሲስ ወይም ኤች ፒ ኤል ሲ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ታማሚ የመሆን ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ሊጋቡ የተዘጋጁ ወጣቶች ያንን ወረቀት ይዘው ነው የሚወስኑት።

ሰውነት በቂ ሄሞግሎቢን በማይሠራበት የዘር በሽታ፣ በታላሴሚያ ላይ፣ በተሸካሚና በጤነኛ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይጠባል። የቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚነት የሚጠረጠረው ሄሞግሎቢን ኤ2 የተባለው የሄሞግሎቢን ዓይነት ከ3.5 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው፤ የብረት እጥረት ደግሞ ይህን ቁጥር ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። መሣሪያችን በጥቂት ነጥብ ቢያዘነብል ተሸካሚውን ጤነኛ ብለን እንሸኘዋለን። መዛነፉን ብቻችንን ሆነን ልናየው አንችልም። አንድ ዓይነት ናሙና ለብዙ ላቦራቶሪዎች ተልኮ ውጤቱ ሲነጻጸር ግን ይታያል፤ የውጭ የጥራት ምዘና የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። የምዘናው ናሙና ሲደርስ ለጎበዙ ባለሙያ ይሰጣል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል፣ አንዳንዴም ለጎረቤት ላቦራቶሪ ስልክ ይደወላል። ይህ የፈተና ኩረጃ ነው። የሕክምና ላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 15189 የምዘና ናሙና እንደ ታካሚ ናሙና እንዲሠራ ያዛል። የታካሚውን ደም የሚሠራው የሌሊት ተረኛው ከሆነ የምዘናውንም እርሱ ይሥራው። ቢሳሳት መቅጣት አይገባም፤ ናሙናው ከተቀዳበት እስከ ውጤቱ አጻጻፍ ድረስ የት ላይ እንደተሳተ አብረን እንፈልግ። ቅጣት ያለበት ቤት ስሕተት ይደበቃል።

የሥራ አመራሩ አንድ ሐሳብ ይዞ ቀርቧል። የድሬዳዋና የሐረር ላቦራቶሪዎች የታካሚ ስም በሌለው የኮድ ቁጥር ናሙና ይለዋወጡ፤ ናሙናው በበረዶ ሳጥን ይጓዝ፣ የሳጥኑ ሙቀት ሲነሣም ሲደርስም ይመዝገብ። መደበኛውን ምዘና አይተካም፤ እስከሚቀጥለው ዙር ድረስ ግን ዓይናችንን ይከፍትልናል። ረቂቁ እጃችሁ ላይ ነው፤ ከምሳ በኋላ እንወያይበታለን፣ የሚስማሙ ላቦራቶሪዎችም ዛሬውኑ ይመዘገባሉ።

ጉባኤያችን ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።