«አይሰማም፤ ጠጋ ይበሉ!»፦ ስለ ኮምፒውተር ማይክሮፎን የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት በስልክ ከገቡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ድምፃቸው አልሰማ ስላላቸው ሰዎች ነበሩ። በአየር ሰዓቱ የመለስኳቸውንም፣ ሰዓት አጥሮን የቀሩትንም እዚህ ሰብሰብ አድርጌ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የምደውለው ከባሕር ዳር ነው፤ በአንድ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በዙም ስንሰበሰብ መጀመሪያ ላይ ድምፄ ጥሩ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን «አትሰሚም፣ ጠጋ በዪ» ይሉኛል። ስጮኽ ለጊዜው ይሰማና መልሶ ይጠፋል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ነው። ማይክሮፎኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። የተበላሸ ማይክሮፎን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ነው የሚለግመው፤ ስብሰባው እስኪሞቅ አይጠብቅም። ደህና ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚወርድ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፕሮግራም ከጀርባ እጁን እያስገባ መሆኑን ያመለክታል። ዙም የማይክሮፎንን መጠን በራሱ ፈቃድ ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት ምርጫ አለው፤ እርስዎ ካላጠፉት በስተቀር ይሠራል። አጠገብዎ ያለ ሰው ሲያስል ወይም በር በኃይል ሲዘጋ «ድምፁ በዛ» ብሎ መጠኑን ይቀንሰዋል። ነገሩ ጸጥ ካለ በኋላ ግን ሁልጊዜ ወደ ቦታው አይመልሰውም። መጮኽዎም እንዲሁ ነገሩን ያባብሰዋል፤ በጮኹ ቁጥር ፕሮግራሙ ይበልጥ ይቀንሳል።

በዓይንዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ስብሰባ ላይ እያሉ በዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ የሚለውን ይክፈቱና ኢንፑት ከሚለው ሥር ማይክሮፎንዎን ይጫኑ። እዚያ የኢንፑት ቮልዩም ጠቋሚ አለ። ማንም ሳይነካው ከ80 ወደ 40 ሲንሸራተት ካዩ ጥፋተኛው ተገኘ። ያኔ ዙም ውስጥ ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ኦዲዮ ገብተው የማይክሮፎን መጠንን በራሱ ያስተካክል ከሚለው ላይ ምልክቱን ያንሱ፤ የዊንዶውሱን ጠቋሚ ደግሞ ከ80 እስከ 90 ባለው ላይ ያቁሙት። ሌላው የስብሰባ ፕሮግራም ቲምስም ተመሳሳይ ምርጫ አለው።

ጠቋሚው ካልተንቀሳቀሰ ምርመራው ከሌላ በኩል ይጀመር፤ ይህን ለሌሎቻችሁም ነው የምለው። ስብሰባውን ዘግታችሁ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው የድምፅ መቅጃ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ቅዱና አዳምጡት። ቅጂው ጥርት ያለ ከሆነ ማይክሮፎኑም ዊንዶውሱም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው ስብሰባ በምታደርጉበት ፕሮግራም ውስጥ ነው። ቅጂው ራሱ የደከመ ከሆነ ግን ዙምን መጎርጎር ከንቱ ድካም ነው። ሰዉ ይህን ሙከራ ይዘልና ግማሽ ቀን ሙሉ የተሳሳተ ገጽ ላይ ሲለፋ ይውላል።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድምፄ በትራስ የታፈነ ይመስላል ይሉኛል። ሴቲንግሱን ሁሉ ሞልቼዋለሁ።

መልስ፦ በመስመር ላይ ሳሉ «ካሜራው ላይ የለጠፉት ነገር አለ?» ብዬ ስጠይቅዎት «የቀድሞው ባለቤት የለጠፈው ፕላስተር አለ» አሉኝ። በብዙ ላፕቶፖች ማይክሮፎኑ ከካሜራው ግራና ቀኝ ባሉ፣ የመርፌ ጫፍ በሚያካክሉ ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ ነው የሚገኘው። ካሜራውን ለመሸፈን ረዘም ያለ ፕላስተር የለጠፈ ሰው ጆሮውንም አብሮ ደፍኖታል። ይላጡትና የቀረውን ሙጫ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። መርፌ እንዳይሰዱበት አደራ፤ ከቀዳዳው ሥር ያለው ሽፋን ስስ ነው፣ ከተበሳ አይጠገንም። ካሜራውን መሸፈን ከፈለጉ የካሜራውን ዓይን ብቻ የምትሸፍን ትንሽ ቁራጭ ትበቃለች።

ጥያቄ፦ ጅማ የምገኝ ተማሪ ነኝ። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው የምጠቀመው። የስልኬን የጆሮ ማዳመጫ ከኋላ ባለው ሮዝ መሰኪያ ላይ ስሰካ ድምፄ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ በጣም በስሱ ይሰማል። ጭራሽ ባይሰማ ተበላሽቷል እል ነበር፤ ለምን ትንሽ ይሰማል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከሁሉም በላይ ደስ አሰኝቶኛል፤ «ለምን ትንሽ ይሰማል» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። የስልክህን ማዳመጫ ጫፍ ተመልከት። ብረቱ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበቶች ታያለህ፤ ቀለበቶቹ ብረቱን አራት ቦታ ይከፍሉታል። ሁለቱ ለግራና ለቀኝ ጆሮ፣ አንዱ የጋራ መመለሻ፣ አራተኛው ለማይክሮፎን ነው። የዴስክቶፑ ሮዝ መሰኪያ ግን የተሠራው ሁለት ቀለበት ላለው ጫፍ ነው፤ ማይክሮፎኑንም የሚጠብቀው ከብረቱ ጫፍ ላይ ነው። ባንተ ማዳመጫ ላይ እዚያ ቦታ ያለው የግራ ጆሮህ ድምፅ ማውጫ ነው።

እንግዲህ ያ ትንሽ ድምፅ ማውጫ በውስጡ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ አለው። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይንቀጠቀጥና ድምፅ ያወጣል፤ ድምፅ ሲመታው ደግሞ በተራው ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ስለዚህ እየተሰማህ ያለኸው በማይክሮፎንህ ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫህ ነው። ለማረጋገጥ ድምፅ መቅጃውን ክፈትና በገመዱ ላይ ያለችውን ማይክሮፎን በጥፍርህ ነካ ነካ አድርጋት፤ ከዚያ ግራ ጆሮ የሚገባውን ነካ አድርገው። የበለጠ የሚያንኳኳው የትኛው እንደሆነ ትሰማለህ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። አንዱን ጫፍ ለሁለት የሚከፍል፣ አንደኛው ሮዝ ሌላኛው አረንጓዴ የሆነ አጭር ገመድ ይሸጣል። ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ አስማሚ ግዛ፤ የስልክ ማዳመጫ የሚቀበል መሆኑን ግን ሱቁ ውስጥ አረጋግጥ። ላፕቶፕ ብትጠቀም ኖሮ ይህ ችግር ላይገጥምህ ይችል ነበር፤ አንድ መሰኪያ ብቻ ያላቸው አዳዲስ ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ቀለበቱን ይቀበላሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የበገና መምህር ነኝ። በውጭ አገር ላሉ ልጆች በዙም አስተምራለሁ። ስዘምር ይሰሙኛል፤ ዝማሬውን አቁሜ በገናውን ብቻ ስደረድር ግን ድምፁ ይደክምና ይጠፋል ይላሉ። አዲስ ማይክሮፎን ብገዛም ለውጥ የለም።

መልስ፦ መምህር፣ ገንዘብዎ ያለ ጥፋቱ ወጥቷል። የስብሰባ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለንግግር ነው። የሰው ንግግር የሚመስለውን ያሳልፋሉ፣ ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ዝቅተኛ ድምፅ ሲያገኙ የአየር ማራገቢያ ወይም የሞተር ድምፅ ነው ብለው ያጠፉታል። በገና ደግሞ ውበቱ እዚያው ላይ ነው። በአውታሩና አውታሩን በሚደግፈው ብርኩማ መካከል የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራዎቹ፣ አውታሩ እንዲነዝር ያደርጉታል፤ ያ ንዝረት ረጅምና ጥልቅ ነው። ለሰሚ ጸሎት የሆነው ለፕሮግራሙ ረብሻ ነው። እርስዎ ሲዘምሩ በሩ ስለሚከፈት በገናውም አብሮ ይሾልካል፤ ዝም ሲሉ በሩ ይዘጋል።

ዙም ለሙዚቀኞች የተዘጋጀ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚባል ምርጫ አለው። መጀመሪያ በኦዲዮ ሴቲንግስ ውስጥ ይፈቅዱለታል፤ ከዚያ በስብሰባው ገጽ ላይ የሚመጣው ቁልፍ መብራቱን ትምህርት በጀመሩ ቁጥር ይመልከቱ። ኢንተርኔትዎ ጠንካራ ከሆነ ከሥሩ ያለውን የከፍተኛ ጥራት ምርጫም ይጨምሩ፤ መስመሩ ከደከመ ግን ይተውት፣ ይቆራረጥብዎታል። የገደል ማሚቶ መከላከያውን ካጠፉ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ግድ ነው፤ አለበለዚያ የልጁ ድምፅ ከእርስዎ ድምፅ ማጉያ ወጥቶ በማይክሮፎንዎ ተመልሶ ይሄድበታል። ማይክሮፎኑን ከአፍዎ ይልቅ ወደ በገናው ገበታ አስጠግተው፣ በክንድ ርቀት ግማሽ ያህል ያስቀምጡት።

ብዙ መምህራን የሚዘነጉት ሌላው ነገር፣ ማጣሪያው የሚሠራው በላኪው ኮምፒውተር ላይ መሆኑ ነው። ልጁ የተማረውን ሊያሰማዎት ሲደረድር እርስዎ ካልሰሙት፣ ያንኑ ምርጫ እርሱም በራሱ መሣሪያ ላይ ማብራት አለበት። ወላጆቹን አንድ ጊዜ ያሳዩዋቸው። አብሮ መደርደሩን ግን አይሞክሩት፤ ድምፁ ባሕር ተሻግሮ ሲደርስ ስለሚዘገይ አንዳችሁ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ትቀራላችሁ። በየተራ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከጎንደር ነኝ። ዊንዶውስ ውስጥ የማይክሮፎኑን ድምፅ ይበልጥ የሚያጎላውን፣ ማይክሮፎን ቡስት የሚለውን ምርጫ አግኝቼ እስከ መጨረሻው፣ 30 ላይ ሰቀልኩት። አሁን ድምፄ ይሰማል፤ ነገር ግን ከድምፄ ጋር «ሽሽሽ» የሚል ትልቅ እሽታ አለ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ምንም መስማት አይቻልም።

መልስ፦ ቡስት የሚረዳ ነገር ነው፤ ሰዎች ግን የመጨረሻው መሆን ያለበትን መጀመሪያ ያደርጉታል። ቁጥሩ በድምፅ መጠን መለኪያው በዴሲቤል ነው። 10 ሲያደርጉት ምልክቱ ሦስት እጥፍ ገደማ፣ 20 ሲሆን አሥር እጥፍ፣ 30 ሲሆን ከሠላሳ እጥፍ በላይ ያድጋል። የሚያድገው ግን የእርስዎ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ የላፕቶፑ ማራገቢያም፣ የጎረቤት ጀነሬተርም፣ የማይክሮፎኑ የራሱ እሽታም ነው። ወደ 10 ይመልሱትና ርቀቱን ያሳጥሩ። ከአፍዎ እስከ ማይክሮፎኑ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ የሚደርሰው የድምፅ ግፊት በእጥፍ ያድጋል፤ የክፍሉ ረብሻ ግን ባለበት ይቆያል። ከ80 ሴንቲ ሜትር ወደ 20 ቢጠጉ ያለ ምንም እሽታ አራት እጥፍ ያተርፋሉ። ይህን የሚሰጥ የሶፍትዌር ምርጫ የለም።

በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ የክረምት ዝናብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማጣሪያውን ከፍ ካደረጉ ዝናቡን ሲያጠፋ የእርስዎንም ቃል ግማሹን ይዞት ይሄዳል። ከአፍ አጠገብ የሚቆም ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫ ነው የሚያዋጣው፤ ካልተገኘ ስብሰባውን ለዝናቡ መልቀቅ ነው። እሽታው «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ይሞክሩ። ከጠፋ ጥፋቱ የቻርጀሩ ወይም የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት ነው።

ጥያቄ፦ ከአዳማ። ለመድረክ የሚሆን ጥሩ ማይክሮፎን አለኝ፤ በአዳራሽ ውስጥ ያስተጋባል። በመቀየሪያ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ስሰካው ግን ሹክሹክታ ነው የሚሆነው።

መልስ፦ አዳራሹ ውስጥ ያስተጋባው ማይክሮፎኑ ሳይሆን ሚክሰሩ፣ ማለትም ማይክሮፎኑ የሚሰካበት የድምፅ ማቀላቀያ ነው። የመድረክ ማይክሮፎን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመነጨው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ሚክሰሩ ያን ያጎላዋል። የላፕቶፕ መሰኪያ ይህን ሥራ በደንብ አይሠራም። ባለ ሦስት እግር የማይክሮፎን ገመድ የሚቀበልና በዩኤስቢ የሚገናኝ የድምፅ መቀበያ ሳጥን ያስፈልግዎታል፤ ዩኤስቢ ያለው ሚክሰር ካለዎት እርሱም ይበቃል። ለስብሰባ ብቻ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ አይግዙ፤ ቀላል የዩኤስቢ ጆሮ ማዳመጫ ይሻልዎታል።

ጥያቄ፦ የምደውለው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በየሳምንቱ እሑድ የዕድራችን ስብሰባ በጉግል ሚት ነው። በብሉቱዝ ማዳመጫ ስገባ ድምፄ የተጨፈለቀና ዝቅ ያለ ነው ይሉኛል፤ ሙዚቃ ሳዳምጥበት ግን ግሩም ነው።

መልስ፦ የተለመደው ብሉቱዝ ማይክሮፎኑ በተከፈተ ጊዜ ከሙዚቃ ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ግንኙነት ይለወጣል፤ መስመሩ ለሁለት ስለሚካፈል ጥራቱ ይወርዳል። ማዳመጫውን ለመስማት ይያዙት፤ በሚት ሴቲንግስ ውስጥ ማይክሮፎን የሚለውን ግን ወደ ላፕቶፑ ማይክሮፎን ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ። ሁሉም ይሰሙኛል፤ አለቃዬ ብቻ «አትሰማም» ይላሉ።

መልስ፦ ታዲያ የሚጠገነው የአለቃዎ ኮምፒውተር ነው። በስብሰባው መካከል «ሌሎቻችሁ ትሰሙኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ የባልደረቦችዎ መልስ ለእርስዎ ይናገርልዎታል። ከዚያ በኋላ የእርሳቸውን ድምፅ ማጉያ ከፍ እንዲያደርግ የመሥሪያ ቤቱን የኮምፒውተር ባለሙያ ይላኩላቸው፤ እርስዎ ራስዎ ባይነግሯቸው ይመረጣል።