ትምህርት ቤቱ ስንት ፌርማታ ይርቃል?

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በነሐሴ የወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

እንደምን አደራችሁ። በዚህ ዝናብ ጭቃውን ረግጣችሁ መጥታችሁ ኮሙናሉን ስለሞላችሁት እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ሦስት ወንበር አለ። 34 ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን የፊት ወንበር ቀድሞ ሲሞላ አላየሁም፤ ዛሬም አልሞላም።

ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «የመንግሥት ይሻላል ወይስ የግል?» የሚል ነው። ምዝገባ ስለደረሰ ጭንቀታችሁ ይገባኛል። ሰሞኑን ደረጃ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ቲቸር፣ ልጁን የት ላስገባው?» ያላለኝ የለም። አጭሩን መልስ አሁኑኑ ልንገራችሁ። በእግሩ ሄዶ በእግሩ የሚመለስበት አስገቡት። እንዴት እዚህ መልስ ላይ እንደደረስኩ ለማስረዳት ግን ትንሽ ዞር ዞር ማለት አለብኝ። ቡናው እስኪፈላ ታገሡኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው፣ ዋርካ ሥር። አንዱ ሀሁ ይላል፣ አንዱ አቡጊዳ ላይ ነው፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ ትልልቆቹ ዳዊት ይደግማሉ። ሁሉም አንድ ጥላ ሥር፣ ሁሉም እየጮኸ። የዛሬ ሱፐርቫይዘር ቢያየን «ክፍሉ ሥርዓት የለውም» ብሎ ይጽፍብን ነበር። ሥርዓትስ ነበረው። ሀሁን ሳይለይ ወደ አቡጊዳ የሚሻገር የለም። የለየ ደግሞ ጓደኛው እስኪደርስበት ተብሎ አይያዝም። «ወደቀ» የተባለ ልጅ አላስታውስም። «ገና ነው» ይባላል፣ በቃ።

የኔታ ሁላችንንም ራሳቸው አያስተምሩም ነበር። ዳዊት የጨረሰው አቡጊዳ ላይ ያለውን ያስቀጽላል፣ እሱ እያለ ያስከትለዋል ማለት ነው። እኔን ያስቀጸለኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ቢበልጠኝ አራት ዓመት ነው። ስሳሳት በያዛት ስንደዶ እጄን ነካ ያደርገኛል። ኋላ እኔም በተራዬ አንዱን ትንሽ ልጅ ሳስቀጽል ነው ፊደሉን በደንብ የለየሁት። ሂሳብ አስተማሪ ሆኜም ያው ነው የሆነው። ክፍልፋይ የገባኝ ተማሪ ሆኜ ሳይሆን ሳስተምረው ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም፤ እናንተም እንዳትነግሩብኝ።

አለንጋም ነበር። አልደብቅም። ያነበብነውንም ግዕዝ አንረዳውም ነበር። ዳዊትን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ አንዱን መስመር ተርጉም ብባል ግን ጉዴ ይፈላ ነበር።

ከወንዙ ማዶ ቁርአን ቤት ነበር። አንድ ጓደኛዬ እዚያ ይቀራ ነበር። ሎሁን ተሸክሞ ሲሄድ ሳየው እቀናለሁ። እንጨቷ ላይ በቀለም ይጻፍለታል፣ ያጠናዋል፣ ሸሁ ፊት ይቀራዋል። ካወቀው ሎሁ ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል። ካላወቀው አይታጠብም። በ34 ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ የፈተና ወረቀት እንዳረምኩ እንጃ፤ ከዚያ ሎህ የተሻለ ፈተና ግን አላየሁም።

ወደ አስኳላው እንምጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ነበሩ። ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. ተከተለ። ቀጥሎ ለሴቶች ልጆች እቴጌ መነን ተከፈተ። ትልልቅ ሰዎች ወጡባቸው፣ ክብር ይገባቸዋል። ይመስለኛል ግን ያኔ አንድ ነገር ልባችን ውስጥ ገባ። ጥሩ ትምህርት መሀል ከተማ፣ ቤተ መንግሥቱ አካባቢ ነው ያለው የሚል። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ልጅ መላክ የተለመደ ሆነ። ዛሬ አዲስ አበባ እዚህ አባዶ ድረስ ተለጥጣለች፤ እኛ ግን አሁንም ልጅ ወደ መሀል እንልካለን። ልዩነቱ ማታ ይመለሳል።

ቴክኖሎጂ ያስተካክለው ይሆን ያላችሁ ካላችሁ፣ እኔ የፕላዝማ ዘመን ሰው ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ ሲገባ ክፍሌ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ተቆልፎ ተተከለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይመጣል። ሀገር ሙሉ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ይማራል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ርቆ ላለ ልጅም እኩል ይድረሰው ነው ነገሩ። እኔ መጀመሪያ ላይ አምስት ደቂቃ አስተዋውቃለሁ፣ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ አጠቃልላለሁ፣ መሀሉን ጥግ ላይ ቆሜ አያለሁ። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ይላል። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው አልመለሰም እኮ! 70 ልጅ ጸጥ ብሎ «ቬሪ ጉድ» ይባላል።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጠመኔ አነሳሁና «የቱ ጋ ነው የጠፋባችሁ?» አልኳቸው። አንዷ ልጅ «ባለፈው ወር» አለችኝ። ይኸው ነው የቴሌቪዥኑ ችግር። ባለፈው ወር ጠፍታ የቀረችን ልጅ ዞሮ አያያትም። እኔም ጥግ ቆሜ አላየኋትም ነበርና ጥፋቱን በሙሉ ለዕቃው አልሰጥም።

ከጡረታ በኋላ ሁለት ዓመት የግል ትምህርት ቤት አስተማርኩ። ስሙ ይቅር። ሕንጻው የመኖሪያ ቪላ ነበር። ሳሎኑ ሁለት ክፍል ሆኗል፣ ጋራዡ ኬጂ ነው። በአንድ ክፍል 30 ልጅ፣ ደብተር በየቀኑ ይታረማል፣ ወላጅ ሲደውል ስልክ ይነሳል። ይህን ሁሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢያደርገው እግሩን እስማለሁ። ሜዳ ግን የለም። ልጆቹ ዕረፍት የሚወጡት በተራ ነው፤ ሲሮጡ መኪና ማቆሚያው ግድግዳ ይመልሳቸዋል። ግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረ ይቀጣል። አንዲት እናት «ልጄ አማርኛ አትችልም» ስትለኝ ሐዘን መስሎኝ «አይዞሽ» አልኳት። ለካ ደስ ብሏት ነው።

ውጤቱስ? የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። ቁጥሩ የመንግሥቱንም የግሉንም ልጅ አንድ ላይ የያዘ ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላው ላይ ጣት የሚቀስርበት አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሰርቪሱ። የልጅ ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። ሰርቪሱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ከብሎካችን በር ላይ ጥሩምባ ይነፋል፤ እናንተንም እንደሚቀሰቅሳችሁ አውቃለሁ፣ ይቅርታ። መገናኛ ላይ መንገዱ ይዘጋል። መቀመጫዋ ላይ አፏን ከፍታ ትተኛለች። ማታም እንዲሁ። ሲሄድ ሁለት ሰዓት፣ ሲመለስ ሁለት ሰዓት፣ በቀን አራት ሰዓት ሰርቪስ ላይ ናት። ክፍል ውስጥ ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ትማራለች። ይህም አራት ሰዓት ነው። የሂሳብ መምህር ነኝና አልተውኩትም። የትምህርቱን ቀን 180 ብንል፣ በዓመት 720 ሰዓት መንገድ ላይ ናት። 720ን ለ24 አካፍሉት። 30 ቀን። አንድ ሙሉ ወር፣ ቀንም ሌሊትም ሳትወርድ ሚኒባስ ውስጥ። በዚያ ላይ ለዚህ ወር እንከፍላለን!

አንድ ቀን የቤት ሥራዋ «ሰፈርህን ግለጽ» የሚል ነበር። መገናኛን ጻፈች። ከልብ ሳቅን፣ ኋላ ግን ከፋኝ። እዚህ ጤፍ ማሳ አጠገብ ትኖራለች፤ ጤፍ ስታይ ሳር ነው ትላለች።

ሕልምህ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው ብትሉኝ፣ ሩቅ አልሄድም። ፊንላንድ ልጅ በሰባት ዓመቱ ትምህርት ይጀምራል፣ በየሰዓቱ 15 ደቂቃ ያህል ውጭ ይጫወታል፣ ምሳ በነፃ መብላት ከጀመረ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥሩ ነው። ምገባው አሁን በኛም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አለ፤ ባዶ ሆድ ፊት ቆሞ ሂሳብ ያስተማረ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። እኔ ግን የማስበው ጋሽ አስፋው የምሩን ነው።

ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል። ከቡልጋ በልጅነቱ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ የመጣ፣ ጎዳና ያደረ፣ ኋላ ጀኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪ የሆነ ልጅ ነው። የአዳሪ ተማሪ ትርፍራፊ ምግብ ለጎዳና ልጆች ሲያቀብል፣ ልጆቹ ከምግቡ ጋር ፊደል ጠየቁት። ያኔ ገና 14 ዓመቱ ገደማ ነው። ከትምህርት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ዛፍ ሥር ሰብስቦ ያስተምራቸው ጀመር። የተማረውን ማታ ያስተምራል፤ የኔታን አስታወሰኝ። ልጆቹ ሲበዙ ከንጉሠ ነገሥቱ መሬት ለመነ፣ ተሰጠው። ክፍሎቹን ከልጆቹ ጋር ሆነው በእንጨትና በጭቃ ሠሩ። አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት እንዲህ ተጀመረ፤ ያኔ ቦታው የከተማው ዳር ነበር፣ እንደኛ አባዶ። ክፍያ የለም። ዱላ የለም። ልጆቹ አትክልት ይተክላሉ፣ የእጅ ሥራ ይማራሉ። እሱ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፍ ሕይወቱን ሙሉ እዚያው ነበር። መምህሩ ልጆቹ ካሉበት አልራቀም ማለት ነው። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ የኔ ትምህርት ቤት እዚሁ ከብሎኮቹ ጀርባ ነው። ልጁ በሰባት ደቂቃ ይደርሳል። የኮንዶሚኒየሙ ልጅና የገበሬው ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከሌላው ኦሮምኛ ይለምዳል፣ ያኛው ከዚህኛው አማርኛ፣ ጤፍም ሳር አይባልም። እንግሊዝኛም ይማራሉ፣ ማንንም ሳይንቁ። አራተኛ ክፍል ያለው አንደኛ ክፍል ያለውን በሳምንት አንድ ሰዓት ያስቀጽላል። ሜዳው ሜዳ ነው። ሽንት ቤቱ ውሃ አለው፤ እናቶች፣ ይህን ለምን እንደጨመርኩ ታውቃላችሁ፣ ሴት ልጆቻችን በወር ስንት ቀን እንደሚቀሩም ታውቃላችሁ። መምህሩ እዚሁ ሰፈር ቤት ተከራይቶ መኖር ይችላል። ይህ የመጨረሻው ገንዘብ ይጠይቃል፣ በኛ አቅም አይሆንም፣ ማስመሰል አልፈልግም። ሌላው ግን ግማሹ አሁንም እዚያው ከብሎኮቹ ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት አለ።

ለምሳሌ ቤተ መጻሕፍቱ። ግንቦት ላይ ገብቼ አየሁት። መጽሐፍ አለ፣ ገሚሱ ከካርቶን አልወጣም። በሩ ግን ተቆልፏል። ኃላፊዋን ለምን ብዬ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ከደሞዜ ይቆረጣል» አለችኝ። ሐቅ አላት። እኔም በሷ ቦታ ብሆን እቆልፈዋለሁ።

ርዕሰ መምህሩን አነጋገርኩ። ሐሳቤ እንዲህ ነው። የጠፋ መጽሐፍ ቢኖር ዋጋውን እኛ ወላጆች እንችላለን ብለን እንፈርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሁለት ሁለት ሆነን በተራ እንቀመጥ። 20 ሰው ከተገኘ ለአንድ ሰው ተራው የሚደርሰው በ10 ሳምንት አንዴ ነው። በቃል እሺ ብለውኛል፣ በጽሑፍ ግን ከነፊርማችሁ ይፈልጋሉ። የመንግሥት ይሁን የግል፣ ልጁ የትም ይማር፣ ቅዳሜ ሁሉም ይገባል።

የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ትቀይር ብዬ እናቷን ከፋሲካ ጀምሮ ስለምን ነበር። ገና አልተስማማችም። ይኸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ በክፉ ዓይን እያየችኝ ነው። ቤት ስንገባ እንነጋገራለን። ለቅዳሜው ግን ከሁላችሁ ቀድማ ትፈርማለች፣ አስማምቻታለሁ።

ወረቀቱ ቡናው አጠገብ ነው። እስክሪብቶ የያዘ አለ?